የአበልጅ ጉርሻ

ላቀው ከጎንደር ወህኒ ቤት ተፈትቶ ደባርቅ የገባው በመስከረም፣ አብዮቱ በተከበረ ማግስት ነው። የሚቀበለው ሰው አልነበረም፤ መፈታቱን ማን አውቆ። ከአውቶቡስ ወርዶ መንገደኛ እየጠየቀ ሚስቱ የምትኖርበትን ቤት አገኘና፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ እንደ እንግዳ ቆሞ "ቤቶች" አለ።

ሚስቱ ያለምወርቅ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሱፍ ሹራብ ትሠራ ነበር። ድምፁን አወቀችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን በልቧ ስታሰናዳ ኖራለች፤ እንዲህ ስትሆን፣ እንዲያ ስትል፣ ስትወድቅ ስትነሣ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ። ቀኑ ሲደርስ ግን የጀመረችውን መስመር ጨርሳ፣ መርፌውን ሱፉ ላይ ሰክታ ነው የተነሣችው።

"ግባ፤ ይበርዳል" አለችው።

ከበሩ ፈቀቅ ብላ አሳለፈችው።

ጎረቤቱ ሰምቶ ቤቱን ሞላው። እንኳን ለዚህ አበቃሽ የሚላት በዛ፤ እሷም አሜን፣ እናንተንም ያክብርልኝ እያለች ያቀረበችውን አቀረበች። እንባዋን ሊያዩ የመጡ ሴቶች ግር ብሏቸው ተመለሱ። አንዳንዷማ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሳይኖራት አይቀርም ብላ ስታማት ተሰማች። ሰው አልነበራትም። ብዙ የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ አለ አይሉት፣ የለም አይሉት፣ ቢቆነጥጡትም አይሰማ፤ የእሷም ነገር እንደዚያ ነበር። የደነዘዘው ግን እግሯ አልነበረም።

ቀድሞ የሚኖሩት ዳባት ነው። ላቀው በዚያ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ገበሬውም ሐኪሙ ይለዋል። ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ ጭኑን የተመታ ሰው በቃሬዛ አምጥተው ደጁ ላይ አስቀመጡበት፤ አከመው። መንግሥት ተመልሶ ሲገባ ያ ቁስለኛ የኢዲዩ የጦር አለቃ ኖሯል ተባለ። በሐምሌ ዝናብ፣ ገና ከእራት ሳይነሡ፣ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ጠመንጃ ይዞ ቀድሞ የገባው ያርጋል ነበር። ያርጋል ደግሞ ባዕድ አይደለም። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ሸጊቱን ክርስትና ያነሣቻት ያለምወርቅ ናት። የላቀውን እጅ ወደ ኋላ ሲያስር፣ "አበልጄ፣ አትስጋ፤ ለጥያቄ ነው" አለው። ያለምወርቅ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ለጥያቄ የሄደ ሰው እንደ ወጣ ቀረ። እሷም ሴት ልጅ ወለደችና ስጦታ አለቻት። ዳባት መኖሩ አልሆንላት ሲል ደባርቅ መጣች፤ ከሴቶች ማኅበር የሹራብ ሥራ ተምራ፣ ለሰሜን ፓርክ ዘበኞችና ሊማሊሞን ለሚወርዱ ሾፌሮች ሹራብና ቆብ እየሠራች ትሸጥ ጀመር። የደባርቅ ብርድ ሌላውን ያስለቅሳል፤ ለእሷ እንጀራ ሆነላት። በየወሩ ስንቅ ቋጥራ ጎንደር ትወርዳለች። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሏት ይገባና ቆይቶ ባዶውን ያወጣላታል። ባዶ ሳህን ከወጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ይህን ያህል ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

አሁን ሰውየው ከሳህኑ ጋር አብሮ መጥቷል፤ ምን እንደሚያደርጉት ግን ቤቱ ውስጥ ያወቀ የለም። ላቀው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። ወደ ደጅ መውጣት ሲያሰኘው "ልውጣ?" ይላል። በመጀመሪያ ከራሱ ጋር የሚያወራ መስሏት ዝም አለችው፤ እሱም ሳይነሣ ቆየ። ፈቃድ እየጠየቃት መሆኑ የገባት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ "ውጣ" ትለዋለች።

ስጦታ በበኩሏ አባቷን አንቱ ትለዋለች። እንዲህ በዪ ያላት የለም፤ ለማታውቀው ትልቅ ሰው የሚገባውን ሰጠችው እንጂ። አንድ ቀን ላቀው ከዚያው ከግድግዳው ሥር ሆኖ ሲያያት ቆየና፣ ለእሷ ምን ቢያደርግላት እንደምትወድ ጠየቃት። ልጅቱ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀችም።

"በርገር ያብሉኝ።"

ላቀው ቃሉን አላወቀውም። ወደ ሚስቱ ዞረ።

ያለምወርቅ ነገረችው። በከተማው ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር። ገብረ ክርስቶስ የሚባል የዛሪማ ሰው በንጉሡ ጊዜ አሥመራ ቃኘው ጦር ሰፈር የአሜሪካን ወታደሮች ሲቀልብ ኖሮ፣ እነሱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እሱም ሚስቱን ፋንታዬን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። የዛሪማ ቆላ አልስማማው ሲል ሽቅብ ደባርቅ ወጣ፤ መኪና ሁሉ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ከሚቆምበት ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠራ። የበሬ ሥጋ ይከትፍና በቀይ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ለውሶ፣ በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ ከበርሜል በተቆረጠ ብረት ላይ ይጠብሰዋል። ፋንታዬ የጋገረችውን ድቡልቡል ዳቦ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሰናፍጭ ቀብቶ፣ ሥጋውን ከቲማቲም ጋር መሀል ያስገባል። ከጎኑ የአገሩን ድንች በዘይት ጠብሶ ይቆልላል። አሜሪካኖችም ከሥጋ ጋር ሰናፍጭ ይወዳሉ ብሎ ቢምል የሚያምነው ጠፋ።

መጀመሪያ ከበሩ በላይ "አሜሪካን በርገር" ብሎ አጽፎ ነበር። ካድሬዎች መጥተው ይህ የኢምፔሪያሊስት ምግብ ነው፣ ይነሣ አሉት። ገብረ ክርስቶስ አልተከራከረም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አቀረበላቸው። በልተው ሲያበቁ ምግቡ ይቆይ፣ ስሙ ይለወጥ ተባለ። ስለዚህ ቤቱ "ኅብረት ምግብ ቤት" ሆነ፤ የድሮው ፊደል ግን ዝናብ በመታው ቁጥር ከቀዩ ቀለም ሥር ብቅ ይላል። ቅዳሜ ከገበያ መልስ መቀመጫ አይገኝም። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ፣ በሁለት እጁ ዳቦ ይዞ የሚገምጥ የጃናሞራ ገበሬ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

ስጦታ በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አብረዋት ከሚውሉት ልጆች ወሬውን ሰምታ ስትነዘንዝ ከርማለች። ያለምወርቅ "አባትሽ ሲመጣ" ትላት ነበር። ጫማም ስትጠይቅ አባትሽ ሲመጣ፤ ጎንደርን ማየትም ስትጠይቅ አባትሽ ሲመጣ። ልጅን ዝም የሚያሰኝ መልስ ነበር፤ ያለምወርቅ ራሷ ግን ይመጣል ብላ ማመኗን ከተወች ቆይታለች። እንግዲህ መጣ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስቱም ለባብሰው ወጡ። ላቀው ሚስቱ ሣጥን ውስጥ ያቆየችለትን ኮት ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ እንጂ አልሞላውም። መንገድ ላይ ከኋላቸው ቀረ። ያለምወርቅ እንዲደርስባቸው ዝግ ስትል እሱም ዝግ አለ። ከፊት ሂድ እንጂ ብትለው መንገዱን አላውቀውም አላት። መንገዱ አንድ ነበር፤ ቀጥ ያለ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እያስቆሙ እንኳን ፈታህ ሲሉት፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሂድ እስኪሉት ድረስ የሚጠብቅ ይመስላል። ሰዎቹም ደንገጥ ብለው ቶሎ ያልፋሉ።

ቤቱ በሰውና በጢስ ተሞልቷል። ፋንታዬ ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየቻቸውና ሁለት ሾፌሮች አስነሥታ ከማዕዘኑ ጠረጴዛ ቦታ ሰጠቻቸው። ያለምወርቅ ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ በሩን እንዲያይ እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ለስጦታ ሚሪንዳ መጣላት። ልጅቱ ብርጭቆውን አቅፋ የምድጃውን ጢስ ታያለች። ላቀው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ እጆቹን ያያል። ባል፣ ሚስትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ፤ ስንት ሌሊት በሐሳቧ የሠራችው ይህንኑ ነበር። አሁን ስታየው ግን ሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ የምታይ መሰላት። ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ አታውቃቸውም።

ምግቡ መጣ። ስጦታ ወዲያው በሁለት እጇ አንሥታ ገመጠች። ላቀው ሳህኑን እያየ ቆየ።

"ብላ" አለችው ሚስቱ።

ሲባል ጀመረ። የላይኛውን ዳቦ አነሣና ለብቻው በላው፤ ቀጥሎ ቲማቲሙን፣ ቀጥሎ የታችኛውን ዳቦ ይገምጥ ጀመር። ሥጋውን ለመጨረሻ አቆየው። ልጅቱ ማኘኳን ትታ ታየው ነበር።

"እንደሱ አይደለም" አለችው። "አንድ ላይ ነው።"

የራሷን አስጠግታ እንዴት እንደሚያዝ አሳየችው። ላቀው የቀረችውን የዳቦ ቁራሽ በሥጋው ላይ ደርቦ እንዳሳየችው በሁለት እጁ ይዞ ገመጠ። ልጅቱ አሁን ልክ ነው እንደ ማለት ራሷን ነቀነቀች። ያለምወርቅ የራሷን በቢላ ለሁለት እየቆረጠች ይህን አየች፤ ደግ ነገር መሆኑን አወቀች፤ ዝናብ መስኮት ላይ ሲወርድ እንደሚታይ ሆኖ አለፋት። ወደ ውስጥ የገባ ነገር የለም።

ቁራጩን ወደ አፏ ልታነሣ ስትል በስተኋላዋ ወንበር ሲንኳኳና ሰዎች ብድግ ሲሉ ሰማች። አንድ ሰው "ኖር፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለ። አልዞረችም። መዞር አላስፈለጋትም፤ የባሏን ፊት አይታ ማን እንደ ገባ አውቃለች። ላቀው ቆሟል። እጆቹ በሱሪው ስፌት ልክ ተዘርግተዋል።

ያርጋል ከዓመት በፊት ነበር በሊቀ መንበርነት ተሹሞ ደባርቅ የመጣው። ያለምወርቅ ከሩቅ ባየችው ቁጥር መንገድ ስትቀይር ኖራለች፤ እሱም የሚያያት አይመስልም ነበር። አሁን ካኪ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወፈር ብሎ፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት መጣ።

"አበልጄ!" አለ። ላቀውን አቅፎ ጉንጩን ደጋግሞ ሳመው። "እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ተፈታ ሲሉኝ ዛሬ ነገ እመጣለሁ እያልሁ፣ ስብሰባው መች ፋታ ሰጥቶኝ።"

ላቀው እግዜር ያክብርልኝ አለ። ያርጋል ወንበር ስቦ ከመሀላቸው ተቀመጠ፤ ላቀውም ተቀመጥ ሲባል ተቀመጠ። ፋንታዬ ሳትጠየቅ የሊቀ መንበሩን ድርሻ አምጥታ ሳህኑን ከፊቱ አስቀመጠች፤ ያለምወርቅንም ሳታያት ተመለሰች።

ያርጋል ስጦታን ራሷን ዳበሳት፤ ይህች ያን ጊዜ ሆድ ውስጥ የነበረችው ናት? ብሎ ጠየቀ። ናት አለችው ያለምወርቅ። ቁርጥ አባቷን አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ።

"ከአበልጄ ጋር ቁጭ ብዬማ ለብቻዬ አልገምጥም" አለ።

ይህ ምግብ ለጉርሻ የተሠራ አይደለም። ያርጋል ግን ዳቦውን ከነሥጋው ገመሰና በአምስት ጣቱ ጨብጦ አደላደለው፤ ሰናፍጩ በጣቶቹ መሀል ወጣ። እጁን በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ ከላቀው አፍ ፊት አቆመው።

በቤቱ ውስጥ ወሬው አልተቋረጠም። ምድጃው ይጮኻል፤ ሾፌሮቹ ይሣሣቃሉ። ማንም ወደ እነሱ የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም ግን እንዳያይ ተጠንቅቆ ነበር። ያለምወርቅ ያንን እጅ አየችው። ገመዱን የቋጠረው ይኸው እጅ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችው የማጭድ ጠባሳም ያኔ የነበረችው ናት። ቀጥሎ የባሏን አፍ አየች። ተከፈተ። ጎረሰ። አላመጠ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለ ያርጋል፤ ደገመው። ላቀው ደግሞ ጎረሰ።

ወደ ስጦታ ሲዞር ልጅቱ እየሣቀች አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተችለት። አጎረሳት። ከሳህኑ የተረፈውን ሰብስቦ አበጀና ወደ ያለምወርቅ ዘረጋው።

"ጾም ነኝ" አለችው።

ከአፏ ሲወጣ እሷም እንደ ሌላው ሰው ሰማችው። ይህን ልበል ብላ አላሰበችም። ቁራጩ ከፊቷ ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ ቢላውም አጠገቡ።

"በመስከረም የምን ጾም አለ?" አለ ያርጋል፤ ሣቀ። "ደግሞ በቅዳሜ።"

"የራሴ ነው።"

እጁ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ሰናፍጩ በአንጓው ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ። ያርጋል ከገባ ጀምሮ አሁን ገና ዓይኗን አየ፤ እሷም አየችው። ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ስትሸሸው የኖረችው ይህን ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ብንገናኝ የሚፈነዳ ነገር አለ፣ ወይ እጮኻለሁ፣ ወይ ዓይኑን እቧጥጣለሁ ብላ ራሷን ስትፈራ ኖራለች። ጥላቻዋን ከውስጧ ፈለገችው፤ እንባዋን እንደ ፈለገችው ሁሉ ፈለገችው። ያገኘችው አንድ የደከመው ወፍራም ሰው ሰናፍጭ በእጁ ሲንጠባጠብ ብቻ ነው።

"እግዜር ይቀበልሽ እንግዲህ" አለ ዝቅ ብሎ፤ ካለ በኋላም ማን ሰማኝ ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ። ጉርሻውን እሱው ጎረሰው።

ከዚያ ጣቱን እየጠረገ ስለ ሸጊቱ አነሣ። አድጋለች፣ ትምህርቷም ደኅና ነው አለ።

"የክርስትና እናቴ ለምን አትጠይቀኝም ትለኛለች።"

"ምን አልካት?" አለችው ያለምወርቅ።

"ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ።"

"ደግ ብለሃል" አለች።

ያርጋል ወደ ላቀው ዞሮ ድብ ባሕር ክሊኒክ ሰው አጥቶ ተዘግቶ እንደሚውል፣ ገበሬው በየስብሰባው እንደሚጮህበት አወራ። ሰኞ ጧት ጽሕፈት ቤት ብቅ በል፤ እኔ እናገርልሃለሁ፤ ያለፈው አለፈ፣ ጊዜው ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ አለው። ላቀው እሺ አለ። ያርጋልም ሌላ ጠረጴዛ የሚጠብቁት ሰዎች አሉና ኮቱን አንሥቶ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ የያለምወርቅ በርገር ሳይነካ ሳህኑ ላይ ቀረ። ጾመኛ ነኝ ብላ በሕዝብ ፊት ተናግራ አሁን እንዴት ትብላው። ስጦታ ጠግባለች። ላቀው ሳህኑን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበና በላ፤ ሁለቱንም ቁራጭ፣ ድንቹንም አንድ ሳያስቀር። ሲጨርስ ጣቱን አርሶ ከሳህኑ ላይ ጨዉን ለቀመ። እሷ ይህን ሁሉ ተቀምጣ አየች።

ሲወጡ ከእነ ኮሶዬ ወገን የጠቆረ ደመና መጥቶ ነበር። ብዙም ሳይሄዱ መስከረም የረሳው ዝናብ ወረደባቸውና ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለሉ። ስጦታን መሀል አደረጓት።

"ያ ሰውዬ ማነው?" አለች ልጅቱ።

"አበልጃችን ነው" አለ ላቀው።

"እማዬ ለምን አልበላችም ታዲያ?"

"ጾም ናት።"

"የምን ጾም?"

"የራሷ ነው አለችሽ እኮ።"

ልጅቱ ጎርፉ የሚወስደውን ገለባ ታይ ጀመር። ያለምወርቅ ባሏ ውሸቷን ተቀብሎ ሲሸከምላት ሰምታለች። ከመጣ ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲተባበሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ላቀው ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ "ያለም" አላት። እንደዚህ ብሎ ከጠራት ቆይቷል።

"እ?"

"ጣፈጠኝ" አለ። "እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከእጁ ስጎርስ ጣፈጠኝ።"

በቀኝ እጇ የልጇን ትከሻ ይዛለች። ግራዋ ባዶ ነበር፤ ኮቱን ልትይዝለት አሰበችና እጇ አልሄደም።

"ሥጋ አይደል" አለችው። "ይጣፍጣላ።"

"ሥጋው ይሁን?"

"ሥጋው ነው።"

ላቀው ራሱን ነቀነቀ። ዝናቡ ሲያባራ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ያለምወርቅ ርቧት ኖሮ ከጧት የተረፈ ቀዝቃዛ ድንች በአዋዜ ቆማ በላች። ከዚያ እሳቱን አቀጣጥላ የራሰውን ልብስ አደረቀች።

ሰኞ ላቀው ሄደ። ያርጋልም እንዳለው ተናገረለት፤ በኅዳር ድብ ባሕር ሥራ ጀመረ። አዘቦቱን እዚያው ያድራል፤ ቅዳሜ በጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን ተሳፍሮ ይመጣል። ስንቁን ስትቋጥርለት እጇ የለመደውን ያህል ነው የምትቋጥረው፤ ሳህኑን ግን አሁን ራሱ ይዞት ይመለሳል። ሰዎች ስለ እሱ ጥሩ ጥሩውን ያወራሉ፤ እጁ ገር ነው፣ መርፌው አያምም ይላሉ። እሷም ትሰማለች። አንዳንዴ ሌሊት ነቅታ ከጎኗ ትንፋሹን ስትሰማ፣ ይህ ሰው አሁን እዚህ አለ ብላ ለራሷ ትነግራለች። እውነት መሆኑን ታውቃለች። እንባው አልመጣም፤ መጠበቁንም ተወችው።

በታኅሣሥ፣ ብርዱ አፍ ሲያስይዝ፣ አንዲት ልጅ የሱፍ ጥቅል ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆመች። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሻርፏን እስከ አፍንጫዋ የሸፈነች። እናቷ ሹራብ አሠሪ ብላ እንደላከቻት ተናገረች። ያለምወርቅ ማን ናት ብላ አልጠየቀችም።

"ግቢ፣ ሸጊቱ" አለቻት።

ልጅቱ ስሟ በመታወቁ ደነቃት። ገባችና እሳቱ ዳር ቆመች። ያለምወርቅ ክር ይዛ ተነሣች፤ እጅሽን ዘርጊ አለቻት፤ ትከሻዋን ለካች፣ ከብብቷ እስከ ወገቧ ለካች። ከቀሚሱ ሥር የልጅቱ ጎን ሙቅ ነበር፤ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል።

"እውነት የክርስትና እናቴ እርስዎ ነዎት?" አለች ሸጊቱ።

"ነኝ።"

"አቅፈውኝ ነበር?"

"አቅፌሻለሁ። ውኃው ቀዝቅዞሽ ታለቅሺ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በነጠላዬ ጠቀለልኩሽ። ዝም አልሽ።"

ልጅቱ ይህን ሰምታ ፈገግ አለችና፣ መቼ ልምጣ ብላ ጠየቀች። ያለምወርቅ በሚቀጥለው ገበያ ነይ አለቻት። ሸጊቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ እሷም ራሷን ዳበሰቻት፤ ልጅቱ እየሮጠች ሄደች።

ያለምወርቅ ሱፉን ፈትታ አየችው። ጥሩ ሱፍ ነው፤ ያልታጠበ እንጂ። አጥባ፣ አድርቃ፣ በማግስቱ ጀመረች። ስጦታ አጠገቧ ተቀምጣ የክሩን ኳስ ትይዝላታለች። እጇ አልፈጠነም፣ አልዘገየምም፤ ለዘበኛና ለሾፌር እንደምትሠራው ሠራች። አንገቱ ላይ ስትደርስ ክሩን ይዛ ለካችው፤ ትንሽ ጠቧል። ልጅ ነች፣ ታድጋለች ብላ እስከ ትከሻው ድረስ ፈታችውና እንደገና ጀመረችው።